ውሻ በቀደደው



እኔ እስከ ዛሬ በዚህ ሰሌዳ ፊት ቆሜ የሌሎችን ጽሑፍ ሳነብ ነው የምታውቁኝ። የራሴን ስለጥፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። የምጽፈውም ስለ ኮምፒውተር ነው። «ይኸ ደግሞ ለእኛ ምናችን ነው? የእኛ መሣሪያ ጠመኔ!» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ግን ትንሽ ታገሡኝ። ነገሩ የሚጀምረው ጎባ ከምትገኝ አንዲት ጽሕፈት ቤት ነው፤ የሚያርፈውም በፈተና ወረቀት ላይ ነው። ፈተና ደግሞ ነገ የሁላችንም ሥራ ነው።

የ12ኛ ክፍል ፈተና የተፈተንኩት በ2015 ዓ.ም. ነው። ያን ዓመት የማያስታውስ ያለ አይመስለኝም። ከተፈታኙ ሁሉ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.2 ከመቶው ብቻ ነበር። እኔም ከብዙኃኑ ጋር ቀረሁ። ቤት መቀመጡ ሲሰለቸኝ ከኅዳር 2016 ጀምሮ ጎባ ውስጥ በአንዲት የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጠርኩ። ሦስት ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን ያላት ቤት ነች። ባለቤቱን «ጋሼ» ነበር የምንላቸው። ማመልከቻ በሉት፣ የቤት ኪራይ ውል በሉት፣ የሠርግ ጥሪ በሉት፣ የዕድር ደንብ በሉት፣ ያልተየብነው አልነበረም። ጥር ሲገባ ደግሞ የመንፈቀ ዓመት ፈተና ስለሚደርስ መምህራን በእጅ የጻፉትን ረቂቅ ይዘው ይመጣሉ።

ሥራው ሲበዛ ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው በፍላሽ መመላለሱ አደከመኝ። ስለዚህ ሦስቱም የሚያዩት አንድ የጋራ ፎልደር ከፈትኩ። ጋሼም «ጎበዝ!» ብለው አመሰገኑኝ። እውነትም ሥራው ቀለለ።

ጥር 7 ቀን አንድ ወጣት ላፕቶፑን ይዞ መጣ። አንዲት ገጽ ለማተም ከቤቱ ዋይፋይ ጋር ተገናኘ። እንዴት እንደሚያትም ከጎኑ ቆሜ ሳሳየው፣ ያ የኔ ፎልደር ከነሙሉ ሆዱ በእርሱ ስክሪን ላይ ተዘርግፎ አየሁት። «ውል»፣ «ዕድር»፣ «ሠርግ»፣ «ፈተና»። የይለፍ ቃል የለ፣ ማን ነህ ብሎ የሚጠይቅ የለ። ልጁ ልብ አላለውም፤ ወረቀቱን አትሞ፣ ሒሳቡን ከፍሎ ሄደ። የኔ ልብ ግን ድንግጥ አለ።

ታዲያ ለጋሼ ነገርኳቸው? አልነገርኳቸውም። ለምን ቢባል፣ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «አንተ እንዴት አወቅህ?» ብለው ይመስለኝ ነበር። ሁለተኛም ፎልደሩን እንዲያ አድርጎ የከፈተው ማን ሆነና! «ነገ ቀስ ብዬ አስተካክለዋለሁ» አልኩ። ነገ ሥራ በዛ። ከዚያም ከተራ ሆነ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ቀናቱን ቆጠርኩ።

እዚህ ላይ ስለ አክስቴ ልጅ ልንገራችሁ። አዲስ አበባ፣ ሶፍትዌር በሚሠራ አንድ ድርጅት ነው የሚሠራው። ለጥምቀት መጥቶ እኛ ዘንድ ሰንብቶ ነበር። ዓርብ ጥር 17 ቀን ማታ እራት በልተን ልንተኛ ስንል ስልኩ ጮኸ። አነጋገረና ፊቱ ተለወጠ። ጋቢውን ተከናንቦ ላፕቶፑን ከፈተ። የጥርን የጎባ ብርድ ለዚህ አገር ሰው አልተርክም፤ ከሳነቴ የሚወርደው ነፋስ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። መብራትም ጠፍቶ ነበር። እርሱ በስልኩ ኢንተርኔት ይሠራል፣ እኔ ሻማውን እይዛለሁ።

«ምን ተፈጠረ?» አልኩት።

«ጄንኪንስ ላይ ቀዳዳ ተገኝቷል» አለኝ።

ጄንኪንስ ምን እንደሆነ ያን ሌሊት ነው የተማርኩት፤ በተማርኩት መጠን ላስረዳችሁ። ፕሮግራም የሚጽፉ ሰዎች የጻፉትን በየቀኑ ያሻሽላሉ። በተሻሻለ ቁጥር መፈተሽ፣ መጠቅለል፣ ከዚያም ሥራ ላይ ወዳሉት ኮምፒውተሮች መላክ አለበት። ይህን ሁሉ ሰው በእጁ ቢሠራው ቀኑ አይበቃውም። ስለዚህ ለአንድ ሰርቨር ይሰጡታል፤ እርሱ ያለ ዕረፍት በራሱ ይሠራዋል። ጄንኪንስ ለዚህ ሥራ በዓለም ላይ እጅግ ከሚታወቁት ፕሮግራሞች አንዱ ነው። ኮሱኬ ካዋጉቺ የተባለ ጃፓናዊ ሰን ማይክሮሲስተምስ በተባለው ኩባንያ ሲሠራ «ሀድሰን» በሚል ስም ጀመረው፤ እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ጄንኪንስ ተባለ። ምልክቱ ፎጣ በክንዱ ያንጠለጠለ አሳላፊ ነው። ስሙም የታማኝ የቤት አገልጋይ ስም ነው።

«አንድ ትልቅ ግቢ ውስጥ የሁሉንም ክፍል ቁልፍ የያዘ ተላላኪ አስብ» አለኝ የአክስቴ ልጅ። «ሥራውን ለመሥራት ቁልፎቹ ያስፈልጉታል። ለዚህ ነው እርሱን ያገኘ ግቢውን ሁሉ አገኘ የሚባለው።»

ቀዳዳው ታዲያ ምን ነበር? ይህን ስሰማ ነው ሻማው ከእጄ ሊወድቅ የደረሰው። ጄንኪንስ ከሩቅ በጽሑፍ ትእዛዝ ይቀበላል። ትእዛዙን የሚያነብለት አርግስ-ፎር-ጄ የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ እርሱንም የጻፈው ያው ካዋጉቺ ነው። ይህ ትንሽ ፕሮግራም አንዲት ደግነት ነበረችው። በኢሜይል አድራሻ መካከል የምትገባዋን ክብ ምልክት ጽፈህ የፋይል ስም ካስከተልህ፣ «ይዘቱን ሁሉ ከምትጽፍ እኔ አንብቤ ላምጣልህ» ብሎ ፋይሉን ከፍቶ ያመጣል። በገዛ ኮምፒውተርህ ላይ ሲሆን ድካም የሚያቀል ነገር ነው። ሰርቨር ላይ ሲሆን ግን የሚከፈተው ያንተ ፋይል አይደለም፤ የሰርቨሩ ነው። የይለፍ ቃል የሌለው መንገደኛ እንኳ ከውጭ ሆኖ የአንድን ፋይል የመጀመሪያ መስመሮች ማንበብ ይችል ነበር። የማንበብ ፈቃድ ያለው ደግሞ ሙሉውን። ከሚነበቡት ፋይሎች መካከል ቁልፎች የተጻፉባቸው ካሉ፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን ራሳችሁ ገምቱት። ቀዳዳው ሲቪኢ-2024-23897 የሚል ቁጥር ተሰጥቶት፣ አደገኛነቱ ከ10 9.8 ተብሎ ተመዝግቧል።

ልብ በሉልኝ፤ ይህን ያመጣው ክፋት አይደለም። ሥራ ለማቅለል የተከፈተች አንዲት በር ነች። የኔስ ፎልደር ምን ነበረች?

«ማን አገኘው?» አልኩት።

ሶናር በሚባል የስዊስ ኩባንያ የሚሠራ ያኒቭ ኒዝሪ የተባለ ተመራማሪ ነው ያገኘው። አግኝቶም አደባባይ ወጥቶ አልጮኸም፤ ዝምም አላለም። መጀመሪያ ለጄንኪንስ ሰዎች በምሥጢር ነገራቸው። እነርሱም መድኃኒቱን አዘጋጅተው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 24 ቀን 2024፣ በእኛ ጥር 15 ቀን 2016፣ ማስታወቂያና አዲስ እትም አንድ ላይ አወጡ። እስከ 2.441 ያሉት እትሞች ቀዳዳው አለባቸው፤ በ2.442 ተደፍኗል። ለረጅም ጊዜ አገልግሎት በሚወጣው ደግሞ እስከ 2.426.2 ያሉት አለባቸው፤ በ2.426.3 ተደፍኗል። በማስታወቂያው ላይ የነገራቸውን ሰው ስም ከነምስጋናው ጻፉ። «አንተ እንዴት አወቅህ?» ብለው አልከሰሱትም።

ማስታወቂያው በወጣ በሁለት ቀን ውስጥ ግን ቀዳዳውን እንዴት መጠቀም እንደሚቻል የሚያሳይ ጽሑፍ ተሠራጨ። የአክስቴ ልጅ ስልክ የጮኸው ለዚህ ነው። ሻዶውሰርቨር የተባለ ኢንተርኔትን የሚቃኝ ተቋም በዚያው ሰሞን ሲቆጥር፣ ወደ 45,000 የሚሆኑ ያልተደፈኑ የጄንኪንስ ሰርቨሮች ለማንም ተጋልጠው አገኘ።

የአክስቴ ልጅ ያን ሌሊት ሦስት ነገር ሠራ። አንደኛ፣ ከሩቅ ትእዛዝ የሚገባበትን መንገድ ዘጋ። ሁለተኛ፣ አዲሱን እትም ጫነ። ይኼኔ የላፕቶፑ ባትሪ ሊያልቅ ደርሶ ነበርና «በቃ አለቀ፣ እንተኛ» አልኩት። «ገና ነው» አለኝ። ሦስተኛውን ሲጀምር ሌሊቱ ተጋምሷል። በሰርቨሩ ውስጥ የነበሩትን የይለፍ ቃሎችና ቁልፎች አንድ በአንድ መቀየር ጀመረ።

«በሩን ዘግተህ የለም እንዴ?»

«የተነበበ ነገር እንደ ተሰረቀ በሬ አይደለም» አለኝ። «በሬ ሲሰረቅ በረቱ ባዶ ይሆናል፤ ታውቃለህ። ፋይል ሲነበብ ግን ፋይሉ እዚያው አለ፤ ምንም የጎደለ ነገር አታይም። ትናንት ሰው ገብቶ አንብቦ ከሆነ፣ ዛሬ በሩን ብዘጋ ቁልፉ በእጁ ነው። መቀየር ያለበት ጓጉንቸሩ ነው።»

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በማግስቱ ቅዳሜ ጥር 18 ቀን ጠዋት ጋሼ ሱቁን ሳይከፍቱ በር ላይ ደርሼ ሁሉን ነገርኳቸው። አልጮኹብኝም። ጥቂት ዝም አሉና «ካየኸው ስንት ቀን ሆነህ?» አሉኝ።

«አሥራ አንድ ቀን፣ ጋሼ።»

«አሥራ አንድ ቀን!» አሉ። ሌላ ምንም አላሉኝም። ወዲያው ፎልደሩን ዘጋን፤ የዋይፋዩንም የይለፍ ቃል ቀየርን።

«ጋሼ፣ ለመምህራኑስ አንነግራቸውም?» አልኳቸው።

«ማን እንዳየው ምን ይታወቃል? ምናልባት ማንም አላየውም። በከንቱ ስማችንን እናጠፋለን እንዴ?» አሉኝ።

እኔም ዝም አልኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ዝም በል ስላሉኝ ደስ ብሎኛል። በሩን ዘጋን እንጂ ጓጉንቸሩን አልቀየርንም። የእኛ ጓጉንቸር የፈተናው ጥያቄ ነበር፤ ለመምህሩ ነግረን ሌላ ጥያቄ እንዲያወጡ ማድረግ ብቻ ይበቃ ነበር። ገና አምስት ቀን ነበረን።

የ10ኛ ክፍል የሒሳብ ፈተና ጥር 23 ቀን ተሰጠ። መምህሩ ሲያርሙ አንድ ነገር ገረማቸው። 17ኛው ጥያቄ መልሱ «ቢ» ነው። ዘጠኝ ተማሪዎች ግን «ሲ» ብለዋል፤ የቀረው መልሳቸው በሙሉ ልክ ሆኖ ሳለ! «ሲ» ከየት መጣ? ከኔ ጣት። የመልሱን ቁልፍ ስተይብ 17ኛውን ተሳስቼ «ሲ» ብዬው ነበር። መምህሩ በእርሳቸው ቅጂ ላይ በእስክርቢቶ አርመውታል። በኮምፒውተሩ ውስጥ ግን ስህተቱ እንዳለ ቀርቶ ነበር። እንግዲህ ልጆቹ የገለበጡት ከሱቃችን ፋይል መሆኑ ግልጽ ሆነ። ማን እንደ ወሰደው እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ፈተናው ተሰርዞ ለክፍሉ ሁሉ በአዲስ ጥያቄ ተሰጠ። ይህ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። በዚያ ክፍል ውስጥ ታናሽ እኅቴ ነበረች። ከ100 91 አግኝታ ነበር። በግቢው ውስጥ ወሬው ምን ሆነ መሰላችሁ? «ወንድሟ እኮ ጽሕፈት ቤት ነው የሚሠራው!» በኩራዝ ስታጠና ያመሸችበትን ያየነው እኛ የቤቷ ሰዎች ብቻ ነን። መምህሩ ወረቀቷን አውጥተው ለክፍሉ አሳዩላት፤ 17ኛውን «ቢ» ብላ ነበር። እንዳልገለበጠች የመሰከረላት ልክ የመለሰችው መልስ ነው። ቢሆንም ድጋሚውን ተፈትና 84 አመጣች። ወሬኛም «ይኸው ዝቅ አለች!» አለ። ስንት ቀን ከቤት ስትወጣ አንገቷን ደፍታ እንደ ሄደች እኔ ነኝ የማውቀው። ቀድሜ ማወቄን ግን አልነገርኳትም።

አባቶቻችን «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» ይላሉ። እኔ ቀደድኩ፤ ጅቡ ገባ፤ የተነከሰችው እኅቴ ሆነች።

ውድ አንባብያን፤ ይህ የአንዲት ሱቅ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ማለቂያ ሕንድ አገር ሲ-ኤጅ በተባለ ለአነስተኛ ባንኮች አገልግሎት በሚሰጥ ኩባንያ ላይ የኮምፒውተር ቀማኞች አደጋ ጣሉ። ወደ 300 የሚጠጉ ትናንሽ ባንኮች ለጊዜው ከክፍያ መረቡ ተለያዩ። ክላውድሴክ የተባለው የደኅንነት ጥናት ድርጅት እንደገለጸው፣ መግቢያው የኩባንያው ተባባሪ በሆነ ሌላ ድርጅት ዘንድ በአግባቡ ያልተያዘ አንድ የጄንኪንስ ሰርቨር ነበር፤ የተገባበትም በዚያው በጥር በተገለጸው ቀዳዳ ነው። መድኃኒቱ ከወጣ ስድስት ወር አልፎት ነበር። ከእነዚያ ባንኮች ብዙዎቹ የገጠሩ ሕዝብ የሚገለገልባቸው ናቸው። በእኛ አገር ቢሆን፣ የሲናናና የጋሰራ ገበሬ የስንዴውን ሽያጭ ሊያወጣ ሄዶ «ዛሬ የለም» ቢባል እንደ ማለት ነው።

በአገራችንም ከመጋቢት 6 ለ7 ቀን 2016 ሌሊት የሆነውን ሁላችንም ሰምተናል። በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሰዎች ከሒሳባቸው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ፤ አብዛኞቹም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። ባንኩ ነገሩ የውጭ ጥቃት ሳይሆን በሥርዓቱ ላይ ማሻሻያና ፍተሻ ሲደረግ የተፈጠረ ችግር መሆኑን ገለጸ፤ የተወሰደውም ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ እንደነበር አስታወቀ። ከዚያ ሌሊት የሚደንቀኝ ማሽኑ መሳሳቱ አይደለም። ማሽን ይሳሳታል። የሚደንቀኝ፣ ቀዳዳውን ካየው ሰው መካከል ለባንኩ ሊነግር ከሮጠው ይልቅ ለጓደኛው የደወለው መብዛቱ ነው። ለመሆኑ የተከፈተ በር ፈቃድ ነው እንዴ?

ፈተናስ ቢሆን? በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ቀድሞ ወጥቶ በማኅበራዊ መገናኛ ገጾች ስለ ተሠራጨ፣ ግንቦት 22 ቀን ሊጀመር የነበረው ፈተና ተሰርዟል። ምንም ያላጠፋው ተማሪ ከገለበጠው ጋር አብሮ ሌላ ቀን ጠበቀ። በኋላም፣ ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ፣ ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች እንዲሰጥ ተደረገ። እኔም እንዲያ ነው የተፈተንኩት። ያ ሁሉ አልጋ፣ ያ ሁሉ መጓጓዣ፣ ያ ሁሉ ፍተሻ አንድን ወረቀት ከዓይን ለመሰወር ነው።

ስለዚህ ነገ ሮቤም ሆነ አጋርፋ፣ ዲንሾም ሆነ ጊኒር ስንመደብ እነዚህን ነገሮች ብንይዝ ምን ይመስላችኋል? ፈተናችንን ሰው ቤት ካስተየብን ፋይሉን አስጠፍተን እንውጣ። የመልሱን ቁልፍ ከጥያቄው ጋር አብረን አናስተይብ። ፈተናው ታይቷል ብለን ከጠረጠርን ወረቀቱን መቆለፍ አይበቃም፤ ጥያቄውን እንቀይር። ድካም ለማቅለል ብለን አንድ በር ስንከፍት ደግሞ «በዚህ ሌላ ማን ይገባበታል?» ብለን ራሳችንን እንጠይቅ።

ከሁሉ በላይ ግን የምላችሁ አንድ ነገር ነው። አንድ ቀን አንድ ተማሪ ወደ ቢሮአችን መጥቶ «ቲቸር፣ የፈተናው ሳጥን አይዘጋም» ይለናል። ያኔ ከአፋችን የሚወጣው የመጀመሪያ ቃል «አንተ እንዴት አወቅህ?» ከሆነ፣ ያ ልጅ ሁለተኛ አይመጣም፤ ያየውም ሁሉ ትምህርት አግኝቶ ዝም ይላል። መጀመሪያ «እግዜር ይስጥህ፣ ና አሳየኝ» እንበለው። እኔን አሥራ አንድ ቀን ዝም ያሰኘኝ ያች ጥያቄ ነች። ጋሼ ደግሞ እኮ አልጠየቁኝም፤ በገዛ ጆሮዬ ውስጥ ብቻ ነበረች። እዚያ ያስቀመጠቻት ግን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የሰማኋት ተመሳሳይ ጥያቄ ነች።

ይህን ጽሑፍ እዚህ ከመለጠፌ በፊት ባለፈው ቅዳሜ በባጃጅ ጎባ ሄጄ ለእኅቴ አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ጥቂት ቆይታም «አሥራ አንዱን ቀን ይቅር ብዬሃለሁ» አለችኝ። «አምስቱን ቀን ግን ገና ላስብበት።»

ትክክል ነች። ከአሥራ አንዱ ቀን ከባዶቹ አምስቱ ነበሩ፤ መድኃኒቱን አውቄ ዝም ያልኩባቸው ናቸውና።

የተሳሳትኩትን የሚያርመኝ ቢኖር ለመታረም ዝግጁ ነኝ። ቸር ሰንብቱ።